ከቀዶ ሕክምና የተረፈው የሕመም ማስታገሻ በቤታችን ምን ያደርጋል?

ከቤተሰባችን አንዱ ቀዶ ሕክምና አድርጎ ሲመለስ ብዙ ጊዜ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ ይዞ ይመጣል። በአገራችን ትራማዶል ወይም ኮዴይን ያለበት መድኃኒት፣ አሜሪካ ላሉ ወገኖቻችን ደግሞ ኦክሲኮዶን ወይም ሃይድሮኮዶን ሊታዘዝ ይችላል። ሁሉም ኦፒዮይድ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ሐኪሙ ባዘዘው መጠን ለጥቂት ቀናት ሲወሰዱ ትልቅ እፎይታ ይሰጣሉ። ሕመሙ አልፎ ኪኒኑ ሲተርፍ ግን ሌላ ጣጣ ይመጣል።

እነዚህ መድኃኒቶች እንደ ፓራሲታሞል አይደሉም። ሕመምን ሲያደነዝዙ አተነፋፈስንም ያዘገያሉ። ለአዋቂ የተመጠነው ለሕፃን ገዳይ ሊሆን ይችላል። ትራማዶል ከመጠን ሲያልፍ ሰውነትን ያንቀጠቅጣል። ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር ሲወሰዱ ደግሞ አደጋው ይብሳል።

እኛን በተለይ የሚመለከተን ነገርም አለ። ጉበታችን ኮዴይንን ወደ ሞርፊን፣ ትራማዶልንም ከራሱ ወደሚበረታ ንጥረ ነገር ይለውጣል። በአንዳንድ ሰዎች ይህ ለውጥ እጅግ ፈጣን ስለሆነ የተለመደው መጠን እንኳ ይበዛባቸዋል። በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ ያህሉ ለዚህ ፍጥነት ምክንያት የሆነው ዘረመል እንዳላቸው አሳይቷል፤ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ግን ጥቂቶች ናቸው። ስለዚህ «እኔ ወስጄው ምንም አልሆንኩም» ማለት ለሌላው ዋስትና አይሆንም።

የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2017 እ.ኤ.አ. ሁለቱም መድኃኒቶች ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጡ፣ የሚያጠቡ እናቶችም እንዳይወስዷቸው አስጠንቅቋል። በወተት በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋሉና በቀዶ ሕክምና የወለደች እህታችን እንደምታጠባ ለሐኪሟ ትንገር።

ጎረቤት ወገቧን ሲያማት «ይኸው የእኔ ተርፏል» ብሎ ማካፈል ከደግነት የሚመጣ ነው። ነገር ግን ሶደቃ የሚጠቅም ነገር መስጠት ነው፤ ለሌላ ሰው የታዘዘ ኪኒን ሊጎዳ ይችላል።

ታዲያ ምን እናድርግ?

• መድኃኒቱን ከነማሸጊያው ቆልፈን እናስቀምጥ፤ ፍሬዎቹንም እንቁጠር።
• የተረፈውን የሚቀበል ፋርማሲ ካለ እንመልስ። ከሌለ ከቡና አተላ ጋር ቀላቅለን፣ በፌስታል ቋጥረን እንጣል።
• ለሳምንታት የወሰደ ሰው በድንገት አያቁም፤ ሐኪሙን ያማክር።
• የወሰደው ሰው ሲጠሩት ካልነቃ፣ ትንፋሹ ከዘገየ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በጎኑ አስተኝተን ሳንዘገይ ወደ ሕክምና እናድርሰው። በአሜሪካ ናሎክሶን የተባለው በአፍንጫ የሚነፋ ማርከሻ ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

አላህ ለታመሙት ሁሉ ዓፊያን ይስጥልን።