የሕክምና መሣሪያ ንድፍ ከሕሙማን አልጋ ይጀምራል

ያለጊዜው የተወለደ ጨቅላ ሕፃን አየር በሳበ ቁጥር በጎን አጥንቶቹ መካከል ሲሰረጉድና ሲያቃስት ማየት ለጤና ባለሙያ አዲስ አይደለም። የሳንባው የአየር ከረጢቶች በየትንፋሹ ስለሚጣበቁ ኦክስጅን በአፍንጫ መስጠት ብቻ ብዙ ጊዜ አይበቃውም። ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚያቆይ የማያቋርጥ ግፊት ያስፈልገዋል፤ ይህ ሕክምና ሲፓፕ ይባላል።

በአሜሪካ የራይስ ዩኒቨርሲቲ የባዮኢንጂነሪንግ ፕሮፌሰር የሆኑት ርብቃ ሪቻርድስ-ኮርተም ከባልደረባቸው ከማሪያ ኦደን ጋር የቅድመ ምረቃ ተማሪዎችን በቡድን አደራጅተው ከሆስፒታሎች የመጡ ችግሮችን እንዲፈቱ ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ አንድ የተማሪዎች ቡድን በዝቅተኛ ዋጋ የሚሠራ ሲፓፕ ነደፈ። የመጀመሪያው ናሙና አየር ያገኝ የነበረው ለዓሣ ማርቢያ ገንዳ ከሚያገለግሉ ፓምፖች ነው። ግፊቱን የሚወስነው የቱቦው ጫፍ ውኃ ውስጥ የጠለቀበት ልክ ነው፤ 6 ሴንቲ ሜትር ቢጠልቅ ግፊቱም 6 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይሆናል።

ፑማኒ የተባለው ይህ መሣሪያ በማላዊ፣ ብላንታየር በሚገኘው የንግሥት ኤልሳቤጥ ሆስፒታል ተፈተሸ። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከባድ የመተንፈስ ችግር ከነበረባቸው ጨቅላዎች መካከል በሲፓፕ ከታከሙት 71 በመቶ፣ ኦክስጅን ብቻ ካገኙት ደግሞ 44 በመቶ ተርፈዋል። ጥናቱ አነስተኛና ምደባው በዕጣ ያልተደረገ መሆኑን ግን መዘንጋት አይገባም።

መሣሪያ ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ2019 በዚያው በማላዊ የወጣ ሌላ ጥናት፣ የሐኪም የቅርብ ክትትል በሌለበት ሆስፒታል ከባድ የሳንባ ምች ከተጓዳኝ ሕመም ጋር ከነበረባቸው ሕፃናት መካከል በሲፓፕ ከታከሙት 17 በመቶ፣ ኦክስጅን ብቻ ከተሰጣቸው 11 በመቶ መሞታቸውን አሳይቷል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 በታተመው፣ በ12 የኢትዮጵያ አጠቃላይ ሆስፒታሎች በተካሄደው ጥናት፣ ሠራተኞች ሠልጥነው ሐኪሞች ሲከታተሉ ሲፓፕ የሕክምና መክሸፍንና ሞትን ቀንሷል።

ከዚህ በከሚሴና በመላው የኦሮሚያ ብሔረሰብ ዞን ለምንሠራ ባለሙያዎች የሚወጣው ትምህርት ግልጽ ነው። ሙቀትን፣ አቧራንና የመብራት መቆራረጥን ያላገናዘበ መሣሪያ ወደ መጋዘን ይገባል፤ የአጠቃቀም መመሪያውም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ሊዘጋጅ ይገባዋል። ይህን ለነዳፊው ሊነግረው የሚችለው አልጋው አጠገብ ያለው ባለሙያ ነው። ጅማን፣ ጎንደርንና አዲስ አበባን የመሳሰሉ ዩኒቨርሲቲዎች የባዮሜዲካል መሐንዲሶችን እያሠለጠኑ ነው። ስለሆነም የተበላሸው ዕቃ ምን እንደሆነ፣ መቼና ለምን እንደቆመ መዝግበን ብንይዝ፣ ለእነዚህ ተማሪዎች ከሁሉ የሚበልጠውን የንድፍ ጥያቄ አዘጋጀንላቸው ማለት ነው።