በሳህን ላይ የተሣሉ አእዋፍ

ፖርሴሊን ካኦሊን ከተባለው ነጭ አፈር፣ ከፌልድስፓርና ከኳርትዝ ተለውሶ እስከ 1400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት የሚተኮስ፣ ስስ ሆኖ ሲሠራ ብርሃን የሚያሳልፍ ነጭና ጠንካራ የሸክላ ዓይነት ነው። ቻይናውያን ከሺህ ዓመታት በፊት የሚያውቁትን ይህን ጥበብ አውሮፓውያን የደረሱበት በ18ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ሲሆን፣ በሳክሶኒ ዮሐን ፍሪድሪክ ቦትገርና ኤሬንፍሪድ ቫልተር ፎን ቺርንሃውስ ያደረጉት ምርምር ፍሬ ካፈራ በኋላ የአገሩ ገዥ ብርቱው አውግስጦስ እ.ኤ.አ. በ1710 የማይሰንን ፋብሪካ አቋቋመ። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ በእጅ የተሣሉ አእዋፍ ከአበቦች ጋር የገበታ ዕቃ ዋነኛ ጌጥ ሆኑ።

የመጀመሪያዎቹ አእዋፍ ግን በየትኛውም ሰማይ የበረሩ አልነበሩም ማለት ይቻላል። የማይሰን ሠዓሊዎች ከጃፓንና ከቻይና ዕቃዎች ላይ ድርጭትን፣ ሽመላንና ከአፈ ታሪክ የመጣውን ፊኒክስ ገለበጡ፤ በእንግሊዝ የዎርስተር፣ በፈረንሳይ ደግሞ የሴቭር ሠዓሊዎች ጅራቱን አርዝመው፣ ላባውን በወደዱት ቀለም አድምቀው የምናብ ወፍ ይሥሉ ነበር። እነዚህ ሥራዎች ለዓይን እጅግ ያማሩ ቢሆኑም ስለ ወፉ የሚያስተምሩት ነገር ጥቂት ነው። እውነተኛው ለውጥ የመጣው የተፈጥሮ ሊቃውንት ያሳተሟቸው የአእዋፍ መጻሕፍት በሠዓሊው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ከፍ ያለ ቦታ የሚይዘው ፈረንሳዊው ሊቅ ቡፎን ከ1770 እስከ 1783 በዘጠኝ ቅጾች ያሳተመው የአእዋፍ የተፈጥሮ ታሪክ ነው። ከመጽሐፉ ጋር ተያይዘው የወጡትና ፍራንስዋ ኒኮላ ማርቲኔ የቀረጻቸው በእጅ የተቀለሙ ሥዕሎች አንድ ሺህ ስምንት ሲሆኑ 973ቱ የአእዋፍ ናቸው፤ በኢትዮጵያ ኤርኩም የሚባለው ትልቅ ወፍም ከመካከላቸው አለ። የሥዕሎቹ ተአማኒነት ምን ያህል እንደነበረ ለማወቅ ሆላንዳዊው ፒተር ቦዳርት በ1783 ለኤርኩም ሳይንሳዊ ስም ያወጣለት ከዚሁ ሥዕል ተነሥቶ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። የሴቭር ሠዓሊዎች በ1780ዎቹና በ1790ዎቹ ይህንኑ ምንጭ እየተከተሉ ሙሉ የገበታ ዕቃዎችን ሲሠሩ፣ በዛሬዋ ቤልጂየም የሚገኘው የቱርኔ ፋብሪካም በ1787 ለኦርሊያኑ መስፍን በዚሁ መንገድ ታላቅ የገበታ ዕቃ እንዲሠራ ትእዛዝ ተቀበለ፤ የዕቃው ከፊልም ከፈረንሳይ አብዮት በኋላ በአራተኛው ጆርጅ አማካይነት ወደ እንግሊዝ ነገሥታት ስብስብ ገብቷል። በእነዚህ ሳህኖች ጀርባ የወፉ ስም ተጽፎ ስለሚገኝ ተመጋቢው ከምግቡ ጋር የሚያነበው ነገር ነበረው፤ ሳህኑ ከጌጥነት አልፎ የዕውቀት ገጽ የሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

እንዲህ ያለውን ሥዕል በፖርሴሊን ላይ ማኖር በወረቀት ላይ ከመሣል በእጅጉ ይከብዳል። ሠዓሊው የሚጠቀምበት ቀለም የብረታ ብረት ውሁድ፣ ማለትም ከኮባልት ሰማያዊ፣ ከመዳብ አረንጓዴ፣ ከብረት ቀይ፣ ከወርቅ ደግሞ ሐምራዊ የሚሰጥ ነገር ሲሆን፣ ከተፈጨ መስታወት ጋር ተደባልቆ በዘይት ይለወሳል፤ መስታወት መሰል በሆነው የሳህኑ ሽፋን ላይ በቀጭን ብሩሽ ከተቀባ በኋላም ነበልባል እንዳይነካው በተዘጋ እቶን ከ700 እስከ 850 ዲግሪ በሚሆን ሙቀት እንደገና ይተኮሳል። ቀለሙ ከመተኮሱ በፊት የሚታየው መልክ ከእቶን ሲወጣ ከሚኖረው መልክ ስለሚለይ፣ ሠዓሊው የጉሮሮውን ቀይና የክንፉን አረንጓዴ በዓይኑ ሳያይ በእውቀቱ እየገመተ መሣል ነበረበት። ከፍተኛ ሙቀት የሚፈልገው ቀለም አስቀድሞ፣ የጠርዙ ወርቅ ግን በመጨረሻ ስለሚተኮስ አንድ ሳህን ደጋግሞ እቶን ይገባል፤ በእያንዳንዱ ጊዜም የመሰንጠቅ አደጋ አለበት። በዚህ ምክንያት ከእቶን በደህና የወጣ የአንድ ትንሽ ወፍ ላባ ለብዙ ሰዓታት ትዕግሥትና ለጠለቀ ሙያ ማስረጃ ነው።

አሮጌ ሳህን ለመግዛት ወይም ለመመርመር የሚሻ ሰው በመጀመሪያ ሥዕሉ በእጅ የተሠራ መሆኑን በማጉያ መነጽር ማየት ይገባዋል፤ የታተመ ሥዕል የተመሳሰሉ ነጥቦችን ወይም መስመሮችን ሲያሳይ፣ በእጅ የተሣለው ግን በየቦታው የሚለዋወጥ የብሩሽ ምት አለው፤ አልፎ አልፎም በጣት ሲዳሰስ ከፍ ይላል። ማይሰን የተመሳቀሉ ሰይፎችን በጀርባ ያኖራል፤ ሴቭር ደግሞ ቀድሞ የተጠላለፉ ሁለት የኤል ፊደሎችን ያኖር ነበር፤ በሴቭር ፊደሎች መካከል የሚገባው ሌላ ፊደል ዕቃው የተሠራበትን ዓመት ያመለክታል፤ ይህ ሥርዓት ኤ ብሎ የሚጀምረው ከ1753 ነው። ይሁን እንጂ ምልክት ብቻውን አያስተማምንም። እ.ኤ.አ. ከ1800 ጀምሮ ሴቭርን የመራው አሌክሳንደር ብሮንያር ሥዕል ያልተሣለባቸውን አሮጌ ዕቃዎች ስለሸጠ፣ ሌሎች ሠዓሊዎች ገዝተው በቀድሞው አሣሣል አስጊጠዋቸዋል፤ እንዲህ ባለው ሳህን ላይ አፈሩም ምልክቱም ትክክለኛ ሲሆኑ ወፉ ብቻ ኋላ የመጣ ነው። ስለዚህ የሳህኑን ዋጋ የሚወስነው ዋነኛ ነገር የአሣሣሉ ጥራት ነው፤ ምልክቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል።