የትንንሽ ከተሞች ባንኮች ያወጡት ገንዘብ

በአያቱ ሣጥን ውስጥ አሮጌ የ5 ዶላር ኖት ያገኘ ሰው መዠመሪያ የሚያየው ቍጥሩን ነው። አሮጌ ገንዘብ የሚሰበስቡት አሜሪካውያን ግን አስቀድመው የሚያነቡት የከተማውን ስም ነው።

በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት፣ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1863 ዓ.ም. በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከማዕከላዊው መንግሥት ፈቃድ ያገኘ ባንክ፣ በገጠር ከተማ ያለውም ጭምር፣ በስሙ የወረቀት ገንዘብ ለማውጣት ይችል ነበር። ለዚህም የመንግሥት ቦንድ ገዝቶ በግምጃ ቤት በመያዣነት ያስቀምጣል፤ እስከ 1900 ድረስ ለ100 ዶላር ቦንድ የሚፈቀድለት 90 ዶላር ኖት ነበር። ኖቱ ሳይቈረጥ በትልቅ ወረቀት እንደ ታተመ ይላክለታል፤ የባንኩ ፕሬዚዳንትና ገንዘብ ያዡ ይፈርሙበታል፤ ከዚያም ተቈርጦ ለገበያ ይወጣል። የገበሬው እህል የተሸጠበት ገንዘብ የጎረቤቱን ፊርማ የያዘ ነበር ማለት ነው።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች አንድ ነገር እንዲያስተውሉ እንወዳለን። ባንኩ ቢከስር ሁለት ሰዎች በደጁ ይቆማሉ፤ አንዱ የባንኩን ኖት፣ ሌላው የተቀማጭ ደብተሩን ይዞ። ባለኖቱን መንግሥት በሙሉ ይከፍለዋል፤ ባለደብተሩ ግን ከተረፈው ንብረት የሚደርሰውን ይጠብቃል። መያዣው የተቀመጠው ለኖቱ እንጂ ለተቀማጩ አልነበረምና።

ይህ አሠራር በ1935 ሲያበቃ ኖት ያወጡት ባንኮች ከ12 ሺህ በላይ ነበሩ። የዛሬው የዋጋ ልዩነትም የመጣው ከዚህ ነው። የታላቅ ከተማ ባንክ ያወጣው ኖት ብዙ ስለ ተረፈ ዋጋው መጠነኛ ነው፤ ከአንዲት መንደር ባንክ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ሲታወቁ ግን፣ በተለይ የዚያች መንደር ተወላጅ ገዢ ከተገኘ፣ ዋጋው እጅግ ይወጣል። ነገር ግን ነገ ከአንድ ሣጥን ሙሉ እሥር ቢገኝ ያው ዋጋ ይወድቃል፤ ስለዚህ ሰብሳቢዎቹ የታወቁትን ኖቶች አንድ በአንድ እየቈጠሩ ይመዘግባሉ።

ኖቱ ዛሬም ሕጋዊ ገንዘብ ነው። የማያውቅ ወራሽ ሱቅ ወስዶ በ5 ዶላር ሊመነዝረው ይችላል። ከዚህ የማይሻለው ደግሞ ንጹሕ እንዲሆን ብሎ አጥቦ በካውያ የሚተኵሰው ነው፤ የታጠበ ወረቀት በአዋቂ ዓይን ወዲያው ይታወቃል፤ ውሃውም በብዕር የተጻፈውን የገንዘብ ያዡን ፊርማ ይዞት ሊሄድ ይችላል።