ከፎርማት በፊት የሚነበብ ፋይል

ኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብታችሁ «ሶፍትዌሩ ኢንስቶል አልሆን አለኝ» ብትሉ የምትሰሙት መልስ የታወቀ ነው፤ «ፎርማት ይደረግ»። ዊንዶውሱ እንደ አዲስ ይጫናል። የአማርኛ ፎንቱ፣ ፕሪንተሩ፣ ለዓመታት የተስተካከለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። ችግሩ ምን እንደነበር ግን ማንም ሳያውቀው ይቀራል። ይህ ልማድ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም የእያንዳንዱን ጭነት ውሎ መስመር በመስመር መመዝገብ የሚችል፣ ብዙዎቻችን ስሙን እንኳ የማናውቀው አገልግሎት እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ አለ። ዊንዶውስ ኢንስቶለር ይባላል።

እ.ኤ.አ. በ1999 ከኦፊስ 2000 ጋር የመጣ ነው፤ ስማቸው በኤምኤስአይ የሚያልቅ ፋይሎችን የሚጭነው እሱ ነው። ጭነት አልሄድ ሲላችሁ ዲስኩ ላይ ቦታ መኖሩን፣ ፋይሉ ሳይቆራረጥ መውረዱን፣ የ64 ቢቱን ሶፍትዌር 32 ቢት ዊንዶውስ ላይ እየጫናችሁ አለመሆኑን አስቀድማችሁ እዩ። ከዚያ ኢንስቶለሩ የሚሰጣችሁን ቁጥር ተመልከቱ። 1618 ከሆነ ሌላ ጭነት እየሄደ ነው፤ እስኪጨርስ ጠብቁ። 3010 ደግሞ ጨርሶ ስህተት አይደለም፤ ጭነቱ ተሳክቷል፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ አስነሱት ማለት ነው።

ሰውን የሚያስመርረው 1603 ነው። ብዙዎች ይህን ቁጥር የአንድ በሽታ ስም አድርገው ይወስዱትና መድኃኒቱን ሲያፈላልጉ ይውላሉ። ቁጥሩ የሚለው ግን «ጭነቱ ተቋርጧል» ብቻ ነው። ለምን እንደተቋረጠ የሚናገረው ሎጉ፣ ማለትም ኢንስቶለሩ የጭነቱን ውሎ የሚጽፍበት ፋይል ነው። ኮማንድ ፕሮምፕት ከፍታችሁ ኤምኤስአይኤክሴክ፣ ስላሽ አይ፣ የፋይሉ ስም፣ ስላሽ ኤል ኮከብ ቪ፣ በመጨረሻም ሎጉ የሚቀመጥበትን የፋይል ስም ጽፋችሁ አስነሱት። ጭነቱ እንደገና ሲከሽፍ በሺህ የሚቆጠሩ መስመሮች ያሉት ጽሑፍ ታገኛላችሁ።

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። ሎጉን ይከፍትና በቀጥታ ወደ መጨረሻው ይወርዳል። ኢንስቶለሩ ግን ጭነት ሲከሽፍበት ያስገባውን ሁሉ መልሶ ያወጣል፤ የቀየረውን ወደነበረበት ይመልሳል። ስለዚህ የሎጉ ጭራ ላይ የሚታየው የጽዳቱ ሥራ እንጂ የብልሽቱ ምክንያት አይደለም። እያንዳንዱ እርምጃ ሲያበቃ ሎጉ ውስጥ «ሪተርን ቫልዩ» ተብሎ ቁጥር ይሰጠዋል። 1 ከሆነ ተሳክቷል፣ 2 ከሆነ ተጠቃሚው አቋርጦታል፣ 3 ከሆነ ከሽፏል። ከላይ ጀምራችሁ የመጀመሪያውን 3 ፈልጉ። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ ጥቂት መስመሮች ከፍ ብሎ ተጽፏል።

የሒሳብ ባለሙያ የሆነች ዘመዴ ላፕቶፗን ይዛ መጥታ «ወንድም ጋሼ፣ ነገ ፎርማት ሊያደርጉልኝ ነው፤ የግብሩ ሰነድ ሁሉ ያለው ግን እዚህ ላይ ነው» አለችኝ። የምትሠራበት ሶፍትዌር አዲሱ ስሪት 1603 እያለ አልጫን ብሏታል። ሎጉን አስጽፈን የመጀመሪያውን 3 ስናገኝ፣ ከበላዩ ዲ ድራይቭ ላይ ያለ የአንድ ፎልደር ስምና «አክሰስ ዲናይድ» የሚል መስመር ተቀምጧል። ሰነዶቿን ሌላ ሰው እንዳያይባት ብላ ፎልደሩን ከራሷ በቀር ለማንም ዘግታው ኖሯል። «እኔ አድሚኒስትሬተር ነኝ እኮ!» አለች። ነገሩ ግን ፋይሎቹን የሚያስገባው ኢንስቶለሩ ነው፤ የሚሠራውም ሲስተም በሚባለው አካውንት ስም ነው። ለሲስተም ሙሉ ፈቃድ ሰጠነው፣ ሶፍትዌሩም ተጫነ። ሰነዶቿም ባሉበት አሉ።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ ደግሞ ጭነት የሚያከሽፍ የኮምፒውተሩ ቀን ጉዳይ አለ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ባትሪ ስትደክም፣ ኮምፒውተሩ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞሉም አሉ። እባካችሁ ተዉ! ኮምፒውተሩ ሰባትና ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ሲቀር፣ ቀሪ ፋይሉን ከኢንተርኔት የሚያወርድ ሴትአፕ የሰርቨሩን ሰርተፊኬት ጊዜው ያልደረሰ አድርጎ ያየውና ግንኙነቱን ያቋርጣል። ሰው ግን የሚረግመው ኔትወርኩን ነው።

አንድ ማሳሰቢያ ቀረኝ። ዊንዶውስ ፎልደር ውስጥ ኢንስቶለር የሚባል ድብቅ ፎልደር አለ። ሲ ድራይቭ ሲሞላባቸው ቦታ ለማስለቀቅ ብለው የሚያጠፉት ሰዎች ገጥመውኛል። የተጫኑት ሶፍትዌሮች የኤምኤስአይ ቅጂ የሚቀመጠው እዚያ ነው፤ ለማደስም፣ ለመጠገንም፣ ለማራገፍም ኢንስቶለሩ ይፈልገዋል። ከጠፋ የዚያኑ ስሪት ዋናውን ሴትአፕ ፈልጎ ማምጣት ግድ ይሆናል። ቦታ ካነሳችሁ ፊልሞቹን ወደ ሌላ ሀርድ ዲስክ አሳልፉ፤ ይህን ፎልደር ግን አትንኩት።