ስለ ትክትክ ክትባትና ነፍሰ ጡር ሴት ስለምትቈርጠው ምክር

ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት የምትበላው ለሁለት ነው እየተባለ ከጥንት ጀምሮ ሲነገር ኖሯል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ለሁለት የሚሆን ሌላ ነገር ተገኝቶላታል፤ ይኸውም በእናቲቱ ክንድ ላይ ተወግቶ ገና ያልተወለደውን ሕፃን የሚጠብቀው የትክትክ ክትባት ነው። በእንግሊዝ አገር የምትኖር ነፍሰ ጡር ሴት፣ ኢትዮጵያዊትም ብትሆን፣ በቀጠሮዋ ቀን ወደ አዋላጂቱ ዘንድ ስትሄድ ይህን ክትባት ለመውሰድ ትፈቅድ እንደ ሆነ ትጠየቃለች። የሚያስገድዳት ሕግ የለም፤ እሺ ማለትም እምቢ ማለትም የራስዋ ፈቃድ ነው። ቁርጥ መልስ ከመስጠትዋ በፊት ግን ባልዋን፣ እናትዋን፣ ከሁሉም ይልቅ የንስሐ አባትዋን፦ «አባቴ፣ ምን ይመክሩኛል?» ብላ ብትጠይቅ የሚያስደንቅ አይደለም። የተጠየቀውም ሰው ነገሩን ሳይመረምር «ልጄ፣ ይቅርብሽ» ወይም «ልጄ፣ ውሰጂው» ቢል፣ አፉን ሞልቶ መናገር በማይችል ሕፃን ሕይወት ላይ ያለ ማስረጃ ፈረደ ማለት ነው።

ትክትክ ለኢትዮጵያ ሰው ስሙ የተሰወረ በሽታ አይደለም። የታመመው ልጅ ትንፋሹ እስኪያልቅ ድረስ ሳያቋርጥ ይስላል፤ በመጨረሻም አየሩን ወደ ውስጥ ሲስብ የሚያፏጭ ድምፅ ይሰማል፤ ብዙ ጊዜም ያስመልሰዋል። ሳሉ ለብዙ ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሦስት ወር ይቆያል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ጊዮም ደ ባዩ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1578 በፓሪስ ከተማ የተነሣውን የዚህን በሽታ ወረርሽኝ ጽፎ አቆይቷል። በሽታውን የሚያመጣውን በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሕዋሲ ለይተው ያወቁት ግን ዡል ቦርዴና ኦክታቭ ዣንጉ ናቸው፤ ይህም በ1906 በብሩክሴል ከተማ የሆነ ነው። ከዚያም በ1930ዎቹ ዓመታት በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት፣ ግራንድ ራፒድስ በተባለችው ከተማ፣ ፐርል ኬንድሪክና ግሬስ ኤልደሪንግ የተባሉ ሁለት ሴቶች በትክክል የተፈተነና የሚረባ ክትባት ሠሩ። እነዚህ ሴቶች ቀን የመሥሪያ ቤታቸውን ሥራ ሲሠሩ ውለው፣ ማታ ማታ በፋኖስ ብርሃን በድኾች ቤት እየዞሩ ከሚስሉት ልጆች የበሽታውን ዘር ይሰበስቡ ነበር። ዛሬ በብዙ አገር ልጆች ከትክትክ መዳናቸው የእነዚህ ሴቶች ድካም ፍሬ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ነገር ግን ለልጆች የሚሰጠው ክትባት ምንም ያህል መልካም ቢሆን አንድ ቀዳዳ ሳይደፈን ቀርቷል። ሕፃኑ የመጀመሪያውን ክትባት የሚያገኘው በኢትዮጵያ በ6ኛው ሳምንት፣ በእንግሊዝ በ8ኛው ሳምንት ነው፤ በአንድ ጊዜ ክትባትም ጥበቃው አይሞላም፤ በኢትዮጵያ እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ሦስት ጊዜ መከተብ ያስፈልገዋል። ትክትክም ከሁሉ ይልቅ የሚገድለው በእነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያለውን ጨቅላ ነው። የዚህ ዕድሜ ሕፃን እንደ ትልቅ ልጅ ላይስል፣ የሚያፏጨውም ድምፅ ላይሰማበት ይችላል፤ በዚያ ፈንታ ትንፋሹ በድንገት ቀጥ ይላል፤ ፊቱም ይጠቁራል። ከዚህም በላይ የሳንባ ምችና መንቀጥቀጥ ሊያገኘው ይችላል። በሽታውን የሚያመጣበትም ብዙውን ጊዜ ባዕድ ሰው አይደለም፤ እናቱ ወይም ወንድሙ ወይም እኅቱ ወይም ሊጠይቅ የመጣ ዘመድ ነው። በትልቅ ሰው ላይ ትክትክ ተራ ጉንፋን መስሎ ያልፋልና፣ ሰውዬው በሽታውን እንደ ተሸከመ ሳያውቅ ሕፃኑን አቅፎ ይስመዋል።

ለእናቲቱ የሚሰጠው ክትባት ይህን ቀዳዳ ለመድፈን የታሰበ ነው። ክትባቱን በወሰደች በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ ውስጥ በደምዋ ውስጥ በሽታውን የሚከላከል ኃይል፣ ሐኪሞች ፀረ እንግዳ አካል የሚሉት፣ ይበዛል፤ ይህም በእንግዴ ልጁ በኩል አልፎ ወደ ሕፃኑ ደም ይገባል። ሕፃኑም ከናቱ የተቀበለውን ስንቅ ይዞ ይወለዳል። ስንቁ ዘላቂ አይደለም፤ ከወር ወደ ወር እያነሰ ይሄዳል፤ ነገር ግን የራሱን ክትባት እስኪያገኝ ድረስ ያደርሰዋል። እናቲቱ በልጅነትዋ ተከትባ ወይም በሽታውን ታማ ቢሆን እንኳ የዚያ ጊዜ ጥበቃ ደክሟልና ለዚህ አይበቃም። ስለዚህም ምክንያት ክትባቱ በአንድ እርግዝና ብቻ ሳይሆን በየእርግዝናው እንዲደገም ይመከራል።

እንግሊዞች ወደዚህ ሥራ የገቡት በ1ኛ ደረጃ በሐዘን ምክንያት ነው። በ2012 ትክትክ በአገራቸው ስለ በረታ 14 ጨቅላ ሕፃናት ሞቱ፤ በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር መንግሥታቸው ለነፍሰ ጡር ሴቶች ሁሉ ክትባቱ በነጻ እንዲሰጥ አደረገ። ከሁለት ዓመት በኋላ የወጣው ምርመራ፣ ክትባቱ ከሦስት ወር በታች ያሉትን ሕፃናት ከበሽታው በመጠበቅ ረገድ ከመቶ 91 እጅ ያህል እንደሚሠራ አስረዳ። ይህን ቍጥር በስሕተት እንዳይተረጕሙት ያስፈልጋል፤ እናታቸው ባትከተብ ኖሮ ይታመሙ ከነበሩት 100 ሕፃናት 91 ያህሉ ይድናሉ ማለት ነው እንጂ፣ ከተወለዱት 100 ሕፃናት 9 ይታመማሉ ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ግን ያሳዝናል። በ2017 ከ100 ነፍሰ ጡር ሴቶች ከ70 በላይ የሚሆኑት ክትባቱን ይወስዱ ነበር፤ በ2023 ግን ቍጥራቸው ወደ 58 ያህል ወረደ። በ2024 በእንግሊዝ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በትክትክ መታመማቸው በምርመራ ተረጋገጠ፤ 11 ሕፃናትም ሞቱ። ለበሽታው መብዛት የእናቶቹ መቅረት ብቻ ምክንያት ነው ማለት አይቻልም፤ ትክትክ በተፈጥሮው በየጥቂት ዓመቱ እየተነሣ የሚመለስ በሽታ ነውና። በሽታው በተነሣ ጊዜ ግን ስንቅ ሳይዝ የተወለደው ሕፃን ባዶ እጁን ተገኘ።

ለምን ቀሩ ቢባል፣ ነፍሰ ጡር ሴት መፍራትዋ ነውር አይደለም። ለራስዋ የማትፈራውን ለጽንስዋ ትፈራለች፤ ራስ ምታት እንኳ ይዟት መድኃኒት ሳትውጥ የምታድር ሴት ብዙ ናት። ስለዚህ ፍርሃትዋን በማፌዝ ሳይሆን በማስረጃ መመለስ ይገባል። በመጀመሪያ፣ በዚህ ክትባት ውስጥ ሕይወት ያለው ተሕዋሲ የለበትም፤ ከተሕዋሲው የተወሰዱ፣ መርዛቸው የከሸፈ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ናቸው፤ ስለዚህ እናቲቱንም ሆነ ጽንሱን ትክትክ ሊያስይዝ አይችልም። ሁለተኛም፣ በእንግሊዝ ክትባቱን የወሰዱ 20 ሺህ ያህል ነፍሰ ጡር ሴቶች ተመርምረው ውጤቱ በ2014 ታትሟል፤ ሞቶ የሚወለድ ሕፃን በክትባቱ ምክንያት መብዛቱን የሚያሳይ ነገር አልተገኘም። በተለመደው የሚያገኛት የክንድ መቍሰልና ማበጥ፣ ድካም፣ አልፎ አልፎም ትኵሳት ነው፤ ይህም በጥቂት ቀን ውስጥ ያልፋል።

ከሳሽ የሚያቀርበውንም ሳይደብቁ መናገር ያሻል። በአሜሪካ በ2014 የወጣ ሌላ ምርመራ፣ ከተከተቡት 100 ሴቶች በ6.1፣ ካልተከተቡት በ5.5 ላይ የሽርት ውኃውን የያዘው ሽፋን መቈጣት ተመዝግቦ አግኝቷል፤ ነገር ግን ያለ ጊዜው የሚወለድ ወይም ክብደቱ ያነሰ ሕፃን አልበዛም። ደግሞም ከናቱ ጥበቃ የተቀበለ ሕፃን በኋላ ራሱ ሲከተብ ሰውነቱ የሚሰጠው መልስ ጥቂት ቀነስ እንደሚል በደም ምርመራ ታይቷል። ስለዚህ የእናቲቱ ክትባት የልጁን ክትባት የሚያስቀር አይደለም፤ ልጁም በቀኑ መከተብ ይኖርበታል። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለውን ክትባት ወስዳ ትንፋሽ እስከ መቈራረጥ የሚያደርስ ከባድ አለርጂ ያገኛት ሴት ብትኖር ግን ለሐኪምዋ ሳትናገር መከተብ አይገባትም።

ፍርሃት ብቻውን ምን እንደሚያደርግ ደግሞ እንግሊዞች አስቀድመው አይተውታል። በ1974 የዚያን ጊዜው የሕፃናት ትክትክ ክትባት አንጐል ይጐዳል የሚል ወሬ ተነሥቶ ጋዜጦች አራገቡት፤ ከ100 ሕፃናት 80 ያህሉ ይከተቡ የነበረው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወደ 30 ያህል ወረደ። በኋላ የተደረገው ምርመራ ክሱን አላጸናውም፤ ነገር ግን እስኪጣራ ድረስ በ1970ዎቹ መጨረሻና በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሁለት ታላላቅ ወረርሽኞች አልፈው ነበር። ዛሬ ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ክትባት የዚያ ዘመኑ አይደለም፤ የተሕዋሲው ሙሉ አካል የሌለበት፣ ከዚያ ይልቅ የቀለለ ነው።

ጊዜውን በተመለከተ አገሮች ይለያያሉ። እንግሊዞች ከ16ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 32ኛው ሳምንት ድረስ ቢሆን ይወዳሉ፤ አሜሪካኖች ከ27ኛው እስከ 36ኛው ይላሉ። በዘገየች ጊዜም ቢሆን መውሰድ ትችላለች፤ ነገር ግን ለመውለድ ጥቂት ቀን ሲቀራት ብትከተብ ለራስዋ እንጂ ለሕፃኑ የሚተርፈው ጥቂት ነው። «ቆይቼ አስብበታለሁ» የምትል ሴት እንግዲህ ያልወሰነች ይመስላታል እንጂ ቀኑ በራሱ ይወስንላታል።

በኢትዮጵያ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ለነፍሰ ጡር ሴት በተለመደው የሚሰጣት ክትባት የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ነው፤ ትክትክ በውስጡ የለበትም። ትክትክ የሚገኘው ለሕፃናት በሚሰጠው፣ ከ2007 ጀምሮ አምስት በሽታዎችን በአንድነት በሚከላከለው ክትባት ውስጥ ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ የምትኖር ነፍሰ ጡር ሴት ውሰጂ አትውሰጂ የሚያሰኝ ምርጫ ገና አልቀረበላትም፤ ምርጫው ያለው በመንግሥት ሹማምንት እጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ባወጣው ምክር፣ ጨቅላ ሕፃናት በትክትክ በሚሞቱባቸው አገሮች እናቶችን መከተብ ቤተ ሰቡን ሁሉ ከመከተብ ይልቅ ጥቅሙ የበለጠ ወጪውም ያነሰ መሆኑን አመልክቷል። ክትባቱ ግን ከመንጋጋ ቆልፉ ይልቅ ዋጋው ውድ ነው፤ የመንግሥት ገንዘብ የሚጠብቅ ሰው ይህን ቢያመዛዝን አይነቀፍም። አስቸጋሪው ነገር መቍጠሩ ላይ ነው፤ የአንድ ወር ሕፃን ሳይስል ትንፋሹ ቀጥ ብሎ በቤቱ ቢሞት፣ በትክትክ ሞተ ብሎ የሚጽፈው ማን ነው? ምናልባት በሳንባ ምች ይቈጠራል፤ ምናልባትም ጨርሶ አይቈጠርም። ያልተቈጠረ ሞት ደግሞ በበጀት ጊዜ የሚቆምለት ጠበቃ የለውም።

ለካህናት ነገሩ የሚቀርባቸው በሌላ በኩል ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀንዋ ክርስትና ይነሣሉ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ክትባት የሚሰጥበት 6ኛው ሳምንት 42ኛው ቀን ነው፤ ስለዚህ ወንዱ ሕፃን የሚጠመቀው አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከተብ ሁለት ቀን ቀርቶት ነው። በለንደን ደግሞ 16 ቀን ይቀረዋል። ሴቲቱም ብትሆን በ80 ቀንዋ ክትባትዋን ገና አልጨረሰችም። በዚያ ቀን ዘመድ ከሩቅም ከቅርብም ይሰበሰባል፤ ሕፃኑ ከክርስትና አባቱ ክንድ ወደ አያቱ፣ ከአያቱ ወደ ጎረቤቱ ይተላለፋል፤ ሁሉም ይስመዋል። የጥምቀቱን ቀን መለወጥ የሚያስፈልግ አይደለም፤ ሐኪሞችም ይህን አልጠየቁም። የሚስል ሰው ግን ዘመድም ቢሆን ሕፃኑን ከመሳም ተከልክሎ ከሩቅ እንዲመርቅ ካህኑ አስቀድሞ ቢናገር፣ ከካህኑ ቃል ይልቅ የሚሰማ የለም። በእንግሊዝ አገር ያለችው ነፍሰ ጡር የንስሐ ልጅ ከሆነች ደግሞ ንግግሩ ከክርስትናው ቀን ብዙ ወራት አስቀድሞ፣ ሆድዋ መግፋት ሲጀምር፣ አዋላጂቱ ገና የክትባቱን ቀጠሮ ሳታሳልፍባት መሆን አለበት።