ቦሌ የመረጣቸው አውሮፕላኖች

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ የረጅም ርቀት አውሮፕላን ባስገባ ቁጥር «በአፍሪካ የመጀመሪያው» የሚለው ዜና አይቀርም። ቦይንግ 777-200ኤልአር በ2010፣ ድሪምላይነር በ2012፣ ኤርባስ ኤ350-900 በ2016፣ ታላቅ ወንድሙ ኤ350-1000 በ2024 ሲገቡ ይኸው ተባለ፤ እውነትም ነው (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ወዳጅ በዚህ ይኮራል፤ ነቃፊ ደግሞ «ለስም ነው» ይላል። ሁለቱም ግን አውሮፕላኖቹን የሚመርጠውን ዋናውን ዳኛ የረሱት ይመስለኛል። ዳኛው ቦሌ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ የተዘረጋው ማኮብኮቢያ። የአየር መንገዱ የረጅም ርቀት አውሮፕላኖች ታሪክ ከዚህ ከፍታ ጋር የተደረገ የ60 ዓመት ሙግት ነው ብል አላጋነንኩም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ክንፍ የሚሸከመው በአየር ነው፤ ሞተርም የሚገፋው አየር ስቦ ነው። ሞቅ ባለ ቀትር የቦሌ አየር ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን ያንኑ ክብደት ይዞ ለመነሳት ከወትሮው 16 ወይም 17 በመቶ ፈጥኖ መሮጥ አለበት፤ የሚገፋው ሞተር ግን በዚያው ስስ አየር ራሱ ደክሟል። 3,800 ሜትር የሆነው ረጅሙ ማኮብኮቢያ ሰፊ ቢመስልም ቶሎ ያልቃል። ጎማም ልክ አለው፤ ለትልልቅ አውሮፕላኖች ጎማ በአብዛኛው የሚፈቀደው የመሬት ፍጥነት በሰዓት 378 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሁሉ የሚጠብቀው ደግሞ መንገደኛው የማያየው ስሌት ነው። የመነሻው ክብደት የሚወሰነው ሁለቱ ሞተሮች ደህና ሆነው አይደለም፤ አውሮፕላኑ ከእንግዲህ መቆም የማይችልበት ፍጥነት ላይ ሲደርስ አንዱ ሞተር ጠፍቷል ተብሎ ነው። በቀረው አንድ ሞተር ብቻ ከመሬት ተላቆ፣ በሰሜን እንጦጦ በደቡብ ምሥራቅ የረር እንዳሉ ሳይረሳ፣ ደህና ከፍታ ላይ መድረስ ይኖርበታል። ጎሮ ወይም ሰሚት ቆሞ ቀና ብሎ ለሚያይ ሰው ሽቅብ የሚወጣው አውሮፕላን ጉልበት የተረፈው ሊመስለው ይችላል፤ ያ ትርፍ ግን ለክፉ ቀን የተቀመጠ ነው።

ይህን ያልተረዳ መንገደኛ የዋሽንግተኑን በረራ ሲያማ ይኖራል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ያለ ማቋረጥ ይደርሳል፤ ከአዲስ አበባ ሲሄድ ግን እንደ ዘመኑ ሮም፣ ደብሊን ወይም ሎሜ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። «አውሮፕላኑ አርጅቶ ነው»፣ «ለቁጠባ ነው»፣ «ርቀቱን አይችለውም» ሲባል ይሰማል። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቦይንግ 777-200ኤልአር በ2005 ከሆንግ ኮንግ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ለንደን ድረስ 21,602 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ የበረረ ዓይነት ነው። የሚያቅተው መንገዱ ሳይሆን አነሳሱ ነው። የዋሽንግተኑ ዳላስ አየር ማረፊያ ከባሕር ጠለል 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ደብሊንም እንዲሁ። እዚያ አውሮፕላኑ ሰውም ዕቃም ነዳጅም ጭኖ ይነሳል፤ ቦሌ ላይ ግን ከሦስቱ አንዱን መተው አለበት። ሰውና ዕቃ ገቢ ነው፤ ነዳጅ ግን መንገድ ላይ ይገኛል። እግረ መንገዴን፣ በርበሬና ሽሮ የታጨቀበትን የእጅ ሻንጣ ከሚዛን ሸሽጎ «ሁለት ኪሎ ምን ያመጣል?» እያለ ከሠራተኞች ጋር የሚሟገት መንገደኛ ቆም ብሎ ቢያሰላው መልካም ነው፤ 300 ሰው ሁለት ሁለት ኪሎ ቢደብቅ ማንም ያልቆጠረው 600 ኪሎ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ላይ ይነሳል።

«ከፍታው ሳይሆን ነፋሱ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሳል፤ ከባድ ተቃውሞም ነው። በአትላንቲክ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የከፍታ ነፋስ ወደ አሜሪካ የሚሄደውን ይገታል፣ ወደኛ የሚመጣውን ይገፋል። ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ነፋስና ከፍታ የሚለያዩበት አንድ ፈተና አለ። የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ሜክሲኮ ሲቲ ነፋሱን ተቋቁሞ በቀጥታ ይበራል፤ ሲመለስ ግን፣ ነፋሱ ከኋላ እየገፋው፣ ባሕር ዳር ያለችው ካንኩን ላይ ያርፋል። የሜክሲኮ ሲቲ አየር ማረፊያ 2,230 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ነፋሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ማረፊያው በሄደበት እንጂ በተመለሰበት መንገድ ባልሆነ ነበር። ሁለተኛው ማስረጃ ጎረቤታችን ናት። ኬንያ ኤርዌይስ ከ2018 ጀምሮ ከናይሮቢ ኒውዮርክ ያለ ማቋረጥ የበረረው በ787-8 ድሪምላይነር ነው፤ እኛም ያለን አውሮፕላን ነው፣ ርቀቱም ነፋሱም ተቀራራቢ ናቸው። ናይሮቢ ግን ከቦሌ በ700 ሜትር ዝቅ ትላለች፤ ማኮብኮቢያዋም ይረዝማል።

ዳኛው ቦሌ ነው ማለቴ ከታሪኩ መነሻ ጀምሮ ይታያል። በ1946 ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው ዲሲ-3፣ ከዚያም ኮንቬየርና ዲሲ-6ቢ ከአሮጌው የልደታ አየር ማረፊያ ይነሱ ነበር። ጄት ሲታሰብ ልደታ አልበቃ አለ፤ ስለዚህ ቦሌ ራሱ የተሠራው ለአውሮፕላኑ ሲባል ነው። በ1962 መጨረሻ የመጡት ጄቶች ቦይንግ 720ቢ ነበሩ፤ ከ707 ያነሰና የቀለለ፣ አጠር ካለ ማኮብኮቢያ እንዲነሳ የተቀነሰ ዓይነት። 707 ራሱ የገባው በ1968 ነው። በ1982 ደግሞ ቦይንግ ለ767-200ኢአር፣ ማለትም ክብደቱና ነዳጁ ለጨመረው የረጅም ርቀት ዓይነት፣ የመጀመሪያውን ትዕዛዝ ያገኘው ከኢትዮጵያ ነበር፤ ያውም መንግሥቱ ከሶቭየት ኅብረት ጋር በተወዳጀበት ዘመን። ያ አውሮፕላን በሰኔ 1984 ከዋሽንግተን አዲስ አበባ 12,082 ኪሎ ሜትር ሳያርፍ ሲበር ለባለ ሁለት ሞተር የርቀት ክብረ ወሰን ነበር። ክብረ ወሰኑ የተመዘገበው ወደዚህ ሲመጣ እንጂ ከዚህ ሲሄድ እንዳልሆነ ልብ ይሏል።

«ታዲያ አዲስ አውሮፕላን ሁሉም የሚገዛው ነዳጅ ስለሚቆጥብ አይደለም ወይ?» የሚለኝ አንባቢ ግማሽ እውነት ይዟል፤ ድሪምላይነር የዓለም ሁሉ ምርጫ ነው። 777-200ኤልአርን ግን የዓለም አየር መንገዶች ብዙም አልፈለጉትም፤ ተሠርተው የተሸጡት 60 ያህል ብቻ ናቸው። አየር መንገዳችን ስም ፈላጊ ቢሆን ኖሮ ብዙ ወንበር ያለውን፣ ዓይን የሚስበውን ኤ380 ይመኝ ነበር። የእኛ ሰዎች የወሰዱት ወንበሩ ያነሰውን፣ ሞተሩ እጅግ የበረታውን ነው። ገበያ ያልፈለገውን አውሮፕላን ቦሌ ሲፈልገው፣ ምክንያቱ ከክብር ይልቅ ከማኮብኮቢያው ጫፍ ይገኛል።

ድሪምላይነርና ኤ350 ለአዲስ አበባ ሰው የሚሰጡት ሌላም ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ጆሮው እየነገረው ልብ ሳይለው ያልፋል። በአሮጌዎቹ አውሮፕላኖች ውስጥ ያለው አየር እስከ 2,440 ሜትር ከፍታ ያህል ይሳሳ ነበር። በነዚህ ሁለቱ ግን ከ1,830 ሜትር አያልፍም፤ ከቦሌ በ500 ሜትር ዝቅ ያለ ማለት ነው። ስለዚህ አውሮፕላኑ ከቦሌ ተነስቶ ወደ 12,000 ሜትር ሲወጣ፣ የመንገደኛው ጆሮ ግን ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርድ ያህል ይሰማዋል። ሌሊቱን ሙሉ ከራሱ ሳሎን የወፈረ አየር ይተነፍሳል።

አሁን ዳኛው ራሱ ሊቀየር ነው። በቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ አየር ማረፊያ፣ በመጀመሪያው ምዕራፍ በዓመት 60 ሚሊዮን መንገደኛ እንዲያስተናግድ የታሰበው፣ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። አየሩ አራት በመቶ ያህል ይወፍራል፤ 300 ቶን ለሚመዝን አውሮፕላን ይህ በቶኖች የሚቆጠር ተጨማሪ ነዳጅ ነው። በ2024 ስምምነት የተፈረመባቸው ስምንት 777-9 አውሮፕላኖችም ዕድሜያቸውን በአብዛኛው የሚያሳልፉት እዚያ ሊሆን ይችላል። የዋሽንግተኑ በረራ ከዚያ በኋላ በቀጥታ ይሄዳል ብዬ ግን አልወራረድም፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ክረምት፣ ነፋሱ ሲበረታና አውሮፕላኑ ሙሉ ሲሆን፣ ማረፉ የሚቀር አይመስለኝም። ነፋሱ ሲበርድ ወይም ወንበር ሲተርፍ ግን ከቢሾፍቱ ተነስቶ በአንድ ትንፋሽ አሜሪካ መድረስ ከስሌቱ ውስጥ ይገባል።