ጉዱ ካሳን ዳግም ስናነበው



ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ለመጣን ተማሪዎች የ«ፍቅር እስከ መቃብር» አገር ሩቅ አይደለም። የሐዲስ ዓለማየሁ ልቦለድ በአብዛኛው የሚካሄደው ከስማዳና ከእስቴ ዓባይን ተሻግሮ ባለው ጎጃም ነው። መጽሐፉ በ1958 ዓ.ም. ታተመ፤ በኋላም ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ስለተረከው ፊደል ያልቆጠሩ ወላጆች ሳይቀሩ ገጸ ባሕርያቱን ያውቋቸዋል። ዛሬ የምናነሣው ከእነሱ አንዱን፣ ጉዱ ካሳን ነው።

በልጅነቱ ያነበበው ሰው ብዙ ጊዜ በካሳ ይስቃል። አገሬው «ጉዱ» የሚል ቅጽል አውጥቶለታል፤ አንባቢውም በአገሬው ዓይን ያየዋል። ልቡ ያለው በዛብህና ሰብለ ወንጌል ዘንድ ነው። ከዓመታት በኋላ ሲደግመው ግን ሳቁ ይጠፋል። ካሳ የሚናገረው ባላባት በገባሩ ላይ ስለሚያደርሰው ግፍና ሰውን በዘር ስለማበላለጥ ነው። እብድ ያሰኘውም ይኸው ነው።

መጽሐፉ ያው ነው፤ ታዲያ ስሜታችን ለምን ተለወጠ? አንደኛ፣ መጨረሻውን ስላወቅን ጥድፊያው ቀርቶ ንግግሩን እናዳምጣለን። ሁለተኛ፣ በመካከሉ እኛም እውነት ተናግሮ የተገለለ ሰው አይተናል። ሦስተኛ፣ ታሪክ ተምረናል። በዚያ ሥርዓት በሰሜኑ ብዙ አካባቢ ሙስሊሙ ርስት ተነፍጎ በንግድና በሽመና ይተዳደር ነበር፤ የገጠር መሬት አዋጅ የወጣው በየካቲት 1967 ዓ.ም. ነው። በመጀመሪያ ንባቡ «ይህ የሌሎች ታሪክ ነው» ያለ ሙስሊም ተማሪ፣ በሁለተኛው የካሳ ሙግት የአያቶቹንም በደል እንደሚነካ ያስተውላል።

ለፊታውራሪ መሸሻ ያለን ስሜትም እንዳለ አይቀጥልም። መጀመሪያ እንጠላቸዋለን፤ ቆይቶ በዘር ኩራታቸው ልጃቸውንም ራሳቸውንም እንዳሰሩ ስናይ እናዝናለን። ማዘን ግን ማጽደቅ አይደለም፤ ዙልም ምንጊዜም ዙልም ነው።

ይህ ከግቢ ኑሯችን ጋር ምን አገናኘው? በመጀመሪያው ሳምንት ዶርም ውስጥ ዝም ያለውን «ኩሩ»፣ ብዙ የሚጠይቀውን «ነካ ያደረገው»፣ ከሌላ ወረዳ የመጣውን ደግሞ በወረዳው ስም እንጠራዋለን። ሱረቱል ሑጁራት በሌላው ከመሳለቅ፣ በመጥፎ ቅጽል ከመጠራራትና ከመጥፎ ጥርጣሬ እንድንርቅ ታዘናለች። በልቦለድ ሰው ላይ የተቻኮለ ፍርድ ማንንም አይጎዳም፤ መጽሐፉም መደርደሪያ ላይ ሆኖ ይጠብቀናል። የዶርም ጓደኛችን ግን ተመርቆ ይሄዳል፤ ያወጣንለትንም ስም ይዞት ሊሄድ ይችላል።

ስለዚህ በዚህ እረፍት ቀድሞ ያነበባችሁትን አንድ ልቦለድ ድገሙት፤ የማን ነገር በልባችሁ እንደተለወጠ ልብ በሉ። ስትመለሱም ስም ያወጣችሁለትን ወንድም ወይም ስም ያወጣችሁላትን እህት ቀርባችሁ በሰላምታ ጀምሩ።

አላህ ለወንድሞቻችንና ለእህቶቻችን መልካም ግምት ያላቸው ያድርገን። አሚን።